ለባንክ ፈተና 40 ሺህ ብር?

ከደሴ ለጻፍሽልኝ እህቴ፣

በአካውንቲንግ ተመርቀሻል፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሻል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ባንክ ተፈትነሽ አንዱም አልደወለም። አጎትሽ «ፈተናውን ቀድሞ የሚያወጣ ሰው አግኝቻለሁ፣ 40 ሺህ ብር ይፈልጋል» ብለዋል። እናትሽ ላሟን ሊሸጡ ተነስተዋል። እንግሊዝኛሽና የስብዕና ፈተናውም ያሳስቡሻል። መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር፣ የሠፈርሽ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለሒሳብ ሥራ እንደጠራሽና ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ እንደተውሽው ነግረሽኛል።

ላሟ አትሸጥ።

አጎትሽ ክፉ አስበው አይደለም። ግን የዚህ ዓይነቱ ደላላ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። ከሃያ ሰው ብር ይሰበስባል። ከዚያ ምንም አያደርግም። ከሃያው ሁለት ሦስቱ በራሳቸው ያልፋሉ፤ የእነሱን ብር ኪሱ ይከታል። ለቀሩት «ዘንድሮ ጠበቅ አድርገውታል» ብሎ ብራቸውን ይመልሳል፣ ያውም ካፈረ። ካላፈረስ? የት ሄደሽ፣ ምን ብለሽ ትከሺዋለሽ? እውነተኛ ወረቀት ቢያወጣም ነገሩ ሲሰማ ፈተናው ይሰረዛል፤ አንቺም ስምሽ ይነሳል። ላሟ ቢያንስ ትታለባለች።

ዘመድ አይሠራም አልልሽም፤ ይሠራል። ግን በሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ሆኜ የፈተና ወረቀት አርሜያለሁ። ብዙውን ሰው የሚጥለው ዘመድ ማጣት ሳይሆን ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች አሳምሮ ይሠራል፣ የመጨረሻው ገጽ ባዶውን ይመጣል።

የባንኮች የጽሑፍ ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ ከአካውንቲንጉ ይልቅ አፕቲቲውዱ ይበዛል። የቁጥር፣ የቋንቋ፣ የቅርጽ ጥያቄ ነው። ለአንዱ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ቢደርስሽ ነው፤ ካልኩሌተርም ላይፈቀድ ይችላል። አንቺ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ እያለሽ ካልኩሌተር ከእጅሽ አልወጣም። እስቲ ይህን በቃልሽ ሥሪ፦ 100 ብር የነበረ ዕቃ 20 ፐርሰንት ጨመረ፣ ከዚያ 20 ፐርሰንት ቀነሰ። አሁን ስንት ነው? የቸኮለ 100 ይላል። መልሱ 96 ነው፤ ቅናሹ የሚሰላው ከ120 ላይ ነዋ።

የንባቡ ጥያቄ ደግሞ ጎበዝ ተማሪ የሚወድቅበት ነው። ምርጫው ሦስት ነው፦ እውነት፣ ሐሰት፣ ከጽሑፉ አይታወቅም። ጽሑፉ «የደሴ ቅርንጫፍ ዘንድሮ ከሌሎቹ የበለጠ ተቀማጭ ሰበሰበ» ይላል እንበል። ጥያቄው «የደሴ ቅርንጫፍ ዘንድሮ ከሁሉም በላይ አተረፈ» ቢልሽስ? ተቀማጭ ትርፍ እንዳልሆነ ስለተማርሽ «ሐሰት» ትያለሽ። መልሱ ግን «አይታወቅም» ነው። አትርፎ ይሁን አይሁን ጽሑፉ አልነገረሽም። የተማርሽውን ከበር ላይ ትተሽ፣ የተጻፈውን ብቻ ነው የምታነቢው።

ስለዚህ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ስጪው። ስልክሽ ላይ ሰዓት ሙዪ፤ ፐርሰንት፣ ጥምርታ፣ የፍጥነትና የጊዜ ስሌት ያለ ካልኩሌተር ሥሪ። ደቂቃው ሲያልቅ ጥያቄው ባያልቅም ወደሚቀጥለው እለፊ። ይሄ ያማል፣ አውቃለሁ፤ ግን ዋናው ልምምድ እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ «ያለፈው ዓመት ጥያቄ» እየተባለ የሚዞረው ለልምምድ ይሆናል። መልሱን ግን ራስሽ ሳታጣሪ አትቀበዪ፣ ስህተት የሞላበት አይቻለሁ። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ደግሞ የተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀንስ እንደሆነ ጠይቂ። ካልቀነሰ አንድም ባዶ ቦታ አትተዪ።

እንግሊዝኛሽ በወር አይለወጥም። ሰዋስው ላይ የሚመጡት ነገሮች ግን ይደጋገማሉና እነሱን ያዢ። የስብዕናው ፈተና ላይ አትጨነቂ። አንዱ ጥያቄ ቃሉ እየተቀየረ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ የሌለሽን ባሕርይ ስትደረድሪ ይነቃብሻል። እንደሆንሽው መልሺና እለፊው።

አሁን ስለዚያች አንድ መስመር። እኔ የጀመርኩት እንደዚያ ባለ ማኅበር ነው። መዝገቡን በእጅ እጽፍ ነበር። ማታ ካዝና ሲቆጠር አምስት ብር ከጎደለ፣ እስክትገኝ ቤት መሄድ የለም። በኋላ ትልቅ መሥሪያ ቤት ቃለ መጠይቅ ስገባ የማወራው ነገር ያገኘሁት ከዚያ ነው። «ደመወዙ ትንሽ ነው» ያልሽው እውነት ነው። ግን አሁን ቤት ቁጭ ብለሽ የምታገኚው ደመወዝ ስንት ነው? «የተማረች ልጅ ሠፈር ማኅበር ገባች» ብሎ የሚያማ ጎረቤት የቤት ኪራይሽን አይከፍልልሽም። ባንክ መፈተኑንም እዚያው እየሠራሽ ትቀጥያለሽ።

ሰኞ ሄደሽ ቦታው አለመያዙን ጠይቂ። ካለ፣ የቅጥር ደብዳቤውን ሳታነቢ አትፈርሚ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት የሚደረግ ነው፤ ከ60 የሥራ ቀናትም አይበልጥም። «ስድስት ወር እንይሽና» ካሉሽ ይህን ቁጥር ጥሪላቸው።