ተኳርፎ ማስቀደስ

ጥያቄ፦ በየወሩ በ21 የምንሰበሰብ የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር አለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ገንዘብ ያዥዋ እኔ ነበርኩ። ባለፈው ኅዳር ሒሳብ ስናወራርድ 4200 ብር ጎደለ። ዳቦው ገና ሳይቆረስ አንዲት ማኅበርተኛችን በሁሉም ፊት «ልጅ የዳረ ሰው ብር ቢያጥረው ምን ይገርማል» ብላ ሳቀች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ገንዘቡ ለጧፍና ለዕጣን የተከፈለበት ደረሰኝ ከደብተሩ ልባስ ውስጥ ወጣ፤ ሁሉም አየው። እርሷ ግን «እንግዲህ ተገኘ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩን ትቻለሁ፤ የምናስቀድሰው ግን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል ወደ እርሷ እጅ ላለመንሣት ከምሰሶው ጀርባ መቆም ጀምሬአለሁ። በትንሣኤ ሳልቆርብ ቀረሁ፤ አሁን ደግሞ ፍልሰታ እየደረሰ ነው። በልቤ ይቅር ብያታለሁ፣ ግን አልረሳሁትም፤ እርሷም ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ይህን ይዤ መቁረብ እችላለሁን? ወይስ ደብር ብቀይር ይሻለኛል?
(ስማቸው እንዳይጻፍ የጠየቁ እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ይቁረቡ ወይም ይቆዩ የሚለውን የሚወስኑት የንስሐ አባትዎ እንጂ መጽሔት አይደለም። በደብዳቤዎ ውስጥ እርሳቸውን አንድ ጊዜም አላነሡም፤ ነገሩን ነግረዋቸው ከሆነ መልካም፣ ካልነገሯቸው ግን ይህን መልስ አንብበው ሳይጨርሱም ቢሆን ወደ እርሳቸው ይሂዱ። እኛ ማድረግ የምንችለው ይዘውት የሚሄዱትን ጥያቄ ማጥራት ነው።

ከምሰሶው እንጀምር፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ እውነቱን የሚናገረው እርሱ ነውና። ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር፤ ተአምኁ በበይናቲክሙ በአምኃ ቅድሳት» የሚለው፣ ማለትም ስለ ፍጹም ሰላምና ፍቅር እንድንጸልይና በተቀደሰ ሰላምታ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል የሚያዘን፣ ከጸሎተ ሃይማኖት በኋላ፣ ፍሬ ቅዳሴው (ዋናው የቅዳሴ ክፍል) ከመጀመሩ በፊት ነው። አባቶቻችን ይህን ትእዛዝ በዚያ ቦታ ያስቀመጡት እንዲያው አይደለም። «በአንድ አምላክ እናምናለን» ብለን ከመሰከርን በኋላ፣ ወደ መሥዋዕቱ ከመግባታችን በፊት፣ በመካከል የሚቆመው በቀኝና በግራ ያለው ሰው ነው። ከዚህ ላይ ሽሽት የጀመረ ሰው «ይቅር ብያለሁ» ቢል፣ አፉ የተናገረውን እግሩ አላመነለትም ማለት ነው። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም በሰንበት ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ ጓደኛዬን ላለማየት ከበሮ የሚመታበትን ወገን ትቼ ግድግዳ ተደግፌ ያስቀደስኩባቸው እሑዶች ነበሩ።

«እርሷ ይቅርታ አልጠየቀችኝም» ብለዋል። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መባ ይዞ ወደ መሠዊያ የመጣ ሰው ወንድሙ አንዳች በእርሱ ላይ እንዳለው ቢያስብ፣ መባውን በዚያ ትቶ እንዲሄድና አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዟል። በዚያ ሂድ የተባለው በዳዩ ነው። በምዕራፍ 18 ግን «ወንድምህም ቢበድልህ፥ ሄደህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል፤ በዚህኛው ሂድ የተባለው ተበዳዩ ነው። ሁለቱም ቃሉን ቢታዘዙ ኖሮ እርስዎና ማኅበርተኛዎ እስካሁን መንገድ ላይ በተገናኛችሁ ነበር። እርሷ አልተነሣችም፤ ይህ የእርሷ ዕዳ ነው። የእርስዎ መንገድ ግን የእርሷን መነሣት የሚጠብቅ አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ በስብከትም ሆነ በሽምግልና የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ፤ ቂም የያዘን ሰው ለማባበል ሲባል በደሉ ኢምንት ተደርጎ ይነገረዋል። «ተዪው፣ ሰይጣን ነው፣ ምን አላት እርሷ» እየተባለ የተበደለው ሰው በቁስሉ ላይ ሌላ ጥፋተኝነት ይጨመርበታል። ጌታ ግን እንዲህ አላደረገም። እልፍ መክሊት ዕዳ የተተወለት ባሪያ ባልንጀራውን ያነቀው በመቶ ዲናር ምክንያት ነበር። በወይኑ አትክልት ምሳሌ እንደምናነበው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሙሉ የሥራ ደመወዝ ነው፤ መቶ ዲናር ማለት እንግዲህ ከሦስት ወር በላይ የተለፋበት ገንዘብ ነው። ሦስት ወር ደመወዙን የተቀማ ሰው «ምንም አልሆንክም» ቢባል ሊሰማ አይችልም። ምሳሌው ዕዳው ጥቂት ነው አይልም፤ ለባሪያው የተተወለት ከዚያ ጋር የማይነጻጸር ነው እንጂ። ስለዚህ በማኅበርተኛ ፊት ሌባ መባል ትልቅ በደል ነው፤ ይህን መካድ አይጠበቅብዎትም።

እናቴ የነበረችበትን ማኅበር አስታውሳለሁ። ሁለት ሴቶች በግቢ ውኃ ተጣልተው ኖሮ ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው በየጥጉ ተቀመጡ። ካህኑ ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ሊባርኩ ሲሉ፣ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ የነበሩት አዛውንት እናት ዳቦውን በእጃቸው ሸፈን አድርገው «አባ፣ ይቆዩን፤ ይህ ዳቦ ዛሬ ገና አልበሰለም» አሉ። ዳቦው እንኳን ሊበስል ዳር ዳሩ አርሮ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሁለቱ ሴቶች ግን አልሳቁም። እኒያ እናት ያደረጉት ግን «ይቅር ተባባሉ» ብሎ ማቻኮል አልነበረም። አንደኛዋን «በይ የሆነውን ተናገሪ» አሏት፤ ሁለተኛዋንም እንዲሁ። የቧንቧው ነገር፣ የባልዲው ነገር፣ በልጅ ላይ የተጣለው ስድብ፣ ሁሉም ወጣ። ከዚያ በኋላ ነው «ይቅር ለእግዚአብሔር» የተባለው። ንፍሮው ቀዝቅዞ ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ውኃው ሲነሣ አልሰማሁም። እውነቱ ሳይነገር የሚፈጸም እርቅ ብዙ ጊዜ ለሚቀጥለው ጠብ ቀጠሮ መያዝ ይሆናል።

በእርስዎ ማኅበር የጎደለው ይህ ነው። ደረሰኙ ተገኘ፣ ሰው ሁሉ አየ፣ ነገር ግን «ያን ቀን የተባለው ስሕተት ነበር» ብሎ ቃሉን ያነሣው የለም። ስለዚህ ከንስሐ አባትዎ ጋር ከተመካከሩ በኋላ መጀመሪያ ወደ ሴትየዋ ብቻዎን ይሂዱ፤ በማኅበር ፊት ስለተዋረዱ በማኅበር ፊት ማካካስ ያምርዎት ይሆናል፣ ቃሉ ግን «ብቻችሁን ሆናችሁ» ነው የሚለው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በደጀ ሰላም ሳይሆን በሥራ ቀን ቢሆን ይሻላል። ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ኤጲስ ቆጶሳት የምእመናንን ክርክር ሰኞ እንዲመለከቱ የሚያዘው፣ የተጣሉት እስከ ሰንበት ድረስ የሚታረቁበት ጊዜ እንዲያገኙ ነው። ሲሄዱም ረጅም ንግግር አያዘጋጁ። «ያን ቀን ስለ ልጄ ሠርግ የተናገርሽው ልቤን ሰብሮታል» ይበሏት፤ ቀጥለውም «ስምንት ወር ሙሉ ፊቴን አዙሬብሽ ቆይቻለሁና ይቅር በዪኝ» ይበሉ። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይከብዳል። ነገር ግን የንስሐ አባትዎ ፊት የሚናዘዙት የራስዎን እንጂ የእርሷን አይደለምና፣ እዚያው ተለማምደውት ቢገቡ ይቀላል።

እምቢ ብትል፣ ወይም «እኔ ምን አልኩሽ» ብትልስ? ያን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘው ይመለሱ። የማኅበሩ ሙሴ ሥራቸው ይህ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ኤዎድያና ሲንጤኪ የተባሉ ሁለት ሴቶች በአንድ አሳብ በጌታ እንዲስማሙ ይመክራል። ሁለቱም በወንጌል ሥራ ከእርሱ ጋር የተጋደሉ ነበሩ፤ እንግዲህ መጣላት የሰነፍ ክርስቲያን ብቻ ዕጣ አይደለም። ሐዋርያው ማን እንደ በደለ አልጻፈም። በዚያው ግን ሌላ ሦስተኛ ሰው እንዲያግዛቸው ይለምናል። ሦስተኛ ሰው መጥራት ሽንፈት ተደርጎ መታየቱ የዘመናችን ነገር ይመስለኛል።

የማኅበሩ አባላት ይህን ጽሑፍ ካነበቡ አንድ ቃል ለእነርሱም አለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የግሪክ አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለት ምግብ እደላ ችላ ተባሉ ብለው ባንጐራጐሩ ጊዜ፣ ሐዋርያት «በትዕግሥት ጸልዩ» ብለው አላሰናበቷቸውም። ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ ያሉት ስሞች ሁሉ የግሪክ ስሞች መሆናቸው ደግሞ ቅሬታ ያቀረበው ወገን መታመኑን የሚያሳይ ይመስላል። የገንዘብ ጥርጣሬ የሚወለደው ከክፉ ልብ ብቻ ሳይሆን ከተዝረከረከ አሠራርም ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ገንዘቡንም ደብተሩንም አንድ ሴት እንድትይዝ ማድረግ ለእርሷም ፈተና፣ ለሌሎቹም ወጥመድ ነው። ገንዘቡን አንዷ፣ ደብተሩን ሌላዋ ብትይዝና በየወሩ ጽዋው ወደ ተረኛዋ ከመተላለፉ በፊት ሒሳቡ ጮክ ተብሎ ቢነበብ፣ ደረሰኝ በደብተር ልባስ ውስጥ ሦስት ሳምንት ባልተኛ ነበር።

«አልረሳሁትም» ስላሉት፣ መርሳት ከእርስዎ አይጠየቅም። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት እስኪለያዩ ድረስ ተከራክረዋል። ያው ጳውሎስ ዓመታት ካለፉ በኋላ ጢሞቴዎስን «ማርቆስ ለአገልግሎት ብዙ ይጠቅመኛልና ይዘኸው ከአንተ ጋር አምጣው» ይለዋል። ማርቆስ በጵንፍልያ ተለይቷቸው መሄዱን ጳውሎስ የረሳ አይመስለኝም፤ ነገሩ በመካከላቸው ቆሞ መቅረቱን ግን አልፈቀደም። ነገሩ ትዝ ሲልዎት ብቻ «ቂም ይዤአለሁ» ብለው አይደንግጡ። እርሷ ስትታመም ደስ ቢልዎት፣ ስሟ ሲነሣ ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንደገና ቢተርኩ፣ ያን ጊዜ ለንስሐ አባትዎ የሚነገር ነገር አለ።

ደብር መቀየሩ የተከለከለ አይደለም፤ ቤት የቀየረ ሰው ደብር ይቀይራል። በዚህ ምክንያት ግን አይቀይሩ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ነው፤ አስራ አምስት ቀን ሙሉ በየዕለቱ ቅዳሴ አለ፤ ለአንድ ጠብ ከበቂ በላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከምሰሶው ጀርባ ይውጡና የድሮ ቦታዎ ላይ ይቁሙ። ዲያቆኑ ሲያዝዝ በእርሷ በኩል እጅ ይንሡ፤ ባታይዎትም፣ ብታይዎትና ባትመልስም። ልብዎ ገና ካልታዘዘ ጉልበትዎ ይቅደም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ሲኖዶሱ ለሁለት ተከፍሎ በነበረበት ጊዜ የባለቤቴ ወንድም በአንደኛው ወገን፣ እኔ በሌላኛው ሆነን ክፉ ቃል ተነጋግረናል። አባቶች ታረቁ፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ አንነጋገርም። በአማቴ ተዝካር እንኳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተን ተቀመጥን። እርሱ አሁን ዳላስ ነው። በስልክ ይቅርታ መጠየቅ ይበቃል ወይስ መሄድ አለብኝ?

መልስ፦ እርቁ የተፈጸመው እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ወር መጨረሻ ላይ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰዋል። ከዚያ በኋላ የእርሳቸውና የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስ ስም በአንድ ጸሎት ሲጠራ እርስዎም አማችዎም በየደብራችሁ ሰምታችኋል። የተጣላችሁበት ምክንያት በዚያ ቀን አልቋል፤ የቀረው የተነጋገራችሁት ክፉ ቃል ብቻ ነው።

ስልኩ ይበቃል። ቅዱስ ጳውሎስ ፊልሞናንና ባሪያውን አናሲሞስን ያስታረቀው በአጭር ደብዳቤ ነው፤ ያውም «ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቍጠር» ብሎ። ሲደውሉ ማን ልክ እንደ ነበረ አያንሡ፤ የሲኖዶሱን ታሪክ ከጀመሩ አንድ ሰዓት ትከራከሩና ስልኩ ይዘጋል። ስለ ተዝካሩ ይጀምሩ። «በእናታችሁ ተዝካር ላይ ጀርባዬን ሰጥቼህ መቀመጤ ይጸጽተኛል» ይበሉት። ለባለቤትዎ ግን «አንቺ መጀመሪያ አነጋግሪው» እንዳይሉ፤ እስከ ዛሬ በሁለታችሁ መካከል ሰላምታ ስታመላልስ የኖረችው እርሷ ናትና፣ ይህችን አንዲት ጥሪ እርስዎ ይደውሉላት።