ሰርቪሳችን ማንን እንደሚጠራ ለማወቅ የትኛውን ሰዓት እንጠይቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ባለች ትንሽ ድርጅት ውስጥ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ። ከመንዝ በግ የሚያወርዱ ነጋዴዎችን ከአዲስ አበባ ሆቴሎችና ሥጋ ቤቶች ጋር የሚያገናኝ የማዘዣ ሲስተም አለን። ሲስተሙ ያለው በአማዞን ክላውድ ላይ ሲሆን የምንከታተለውም በክላውድዋች አፕሊኬሽን ሲግናልስ፣ ማለትም የሲስተሙ ክፍሎች (ሰርቪሶች) እርስ በርስ ሲጠራሩ በሚመዘግበው የአማዞን መከታተያ ነው። በገና ዋዜማ «ትእዛዝ» የምንለው ሰርቪስ ክፉኛ ተጓተተብን። ሥራ አስኪያጃችን ይህ ሰርቪስ የሚጠራቸውን ሁሉ ዘርዝሬ እንዳቀርብላቸው አዘዙኝ። ከስክሪን ላይ ከምገለብጥ ብዬ በኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም መረጃ በሚጠይቅበት መንገድ) ላወጣው ሞከርኩ። አንዴ ባዶ ይመጣል፣ አንዴ ልክ 50 መስመር ላይ ይቆማል። የመጣልኝም ዝርዝር ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ከባንክ ጋር ሒሳብ የሚያስታርቀውን ሥራ አያሳይም። ምኑ ላይ ነው የሳትኩት?
ቤ. ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ የመጣልሽ ዝርዝር ውሸት አይደለም። ችግሩ አንቺ «ሰርቪሴ በማን ላይ ተደግፏል?» ብለሽ ስትጠይቂ፣ እሱ የሚመልስልሽ «በሰጠሽኝ ሰዓት ውስጥ ማንን ጠራ?» ለሚለው መሆኑ ነው። ሊስት ሰርቪስ ዲፔንደንሲስ የሚባለው ጥሪ መነሻና መድረሻ ሰዓት ሳትሰጪው አይሠራም። በዚያ መካከል ያልተጠራ ነገር፣ ድርጅቱ ያለሱ የማያድር ቢሆን እንኳ፣ በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም። በር ላይ እንደተቀመጠ የዘበኛ መዝገብ ቁጠሪው፤ የገባና የወጣውን ይጽፋል እንጂ ግቢው ውስጥ ዘመድ ያለውን ሁሉ አያውቅም።

ከቀላሉ ልጀምር። 50 ላይ የሚቆመው መጠኑን ካልነገርሽው በአንድ ጊዜ የሚሰጥሽ 50 ስለሆነ ነው። ማክስ ሪዘልትስ በሚለው ቦታ እስከ 100 ማድረስ ትችያለሽ፤ ከዚያ በላይ አይቀበልም። መልሱ መጨረሻ ላይ ኔክስት ቶከን (የቀጣዩ ገጽ ምልክት) ካለ ገና ቀሪ አለ ማለት ነው። ያንኑ ጥያቄ፣ ያንኑ ሰዓት ሳትቀይሪ፣ ቶከኑን ጨምረሽ ደግመሽ ላኪ፤ ቶከን የሌለው መልስ እስኪመጣ ድረስ ቀጥዪ። በአማዞን የትእዛዝ መስመር (ሲኤልአይ) ከጠራሽ ገጾቹን ራሱ እየተከተለ ያመጣቸዋል፤ በራስሽ ኮድ ከሆነ ግን ዙሩን አንቺው መጻፍ አለብሽ። በፍጥነት ደጋግመሽ ስትጠሪ ትሮትሊንግ (ጥሪ በዛብኝ) የሚል ስህተት ከመጣ፣ እያረፍሽ፣ ዕረፍቱንም በየሙከራው እያረዘምሽ ሞክሪ። ደግሞ 50 መስመር 50 ዲፔንደንሲ (ሰርቪሱ የሚጠራው አካል) ነው ብለሽ ለአለቃሽ እንዳታቀርቢ። እያንዳንዱ መስመር የተጠራውን ኦፕሬሽንም ስለሚይዝ፣ አንድ ዳታቤዝ ማንበቡና መጻፉ ተለይቶ ደጋግሞ ሊመጣ ይችላል። በስም ሰብስበሽ ቁጠሪ።

ባዶው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ከኪይ አትሪቢዩትስ ይመጣል። ሰርቪሱን የምታስተዋውቂው በሦስት ነገሮች ነው፦ ታይፕ፣ ኔም እና ኢንቫይሮመንት። ታይፑ ሰርቪስ ይባላል፤ ስሙ በኮዱ ላይ የሰጣችሁት ስም ነው፤ የሚያሳስተው ሦስተኛው ነው። ኢንቫይሮመንቱ እናንተ በቢሮ የምትጠሩት «ፕሮዳክሽን» ላይሆን ይችላል፤ ስም ካላወጣችሁለት ሲስተሙ ሰርቪሱ ከሚሠራበት ቦታ ተነስቶ ራሱ ይሰይመዋል። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ሌላ ሰርቪስ ጠየቅሽ ማለት ነው። ስለዚህ በግምት አትጻፊ። መጀመሪያ ሊስት ሰርቪስስ የሚለውን ጥሪ በዚያው ሰዓት አስኪጂ፣ ከሚመጣው ውስጥ «ትእዛዝ»ን ፈልጊና ኪይ አትሪቢዩትሱን እንዳለ ገልብጠሽ ተጠቀሚ። ሪጅኑንም (ሲስተሙ የተቀመጠበትን የአማዞን ማዕከል አካባቢ) እዪው፤ ሰርቪሱ ኬፕ ታውን ተቀምጦ ጥያቄው አየርላንድ ከሄደ መልሱ ባዶ ነው።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን፤ እሱም ሰዓቱ ነው። ኤፒአዩን በቀጥታ ስትጠሪ ሰዓቱ የሚጻፈው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት በዩቲሲ ነው። እኛ ደግሞ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው። በቀን ለምትጠይቂው ቀላል መንገድ አለ፦ በእኛ አቆጣጠር ላይ 3 ጨምሪበት፣ ዩቲሲ ይሆናል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ዩቲሲ 6 ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ዩቲሲ 12 ነው። ለማታውና ለሌሊቱ 15 ጨምሪ፣ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ ግን 24 ቀንሺ። ምሽት 2 ሰዓት ዩቲሲ 17 ይሆናል። ሌሊት 8 ሰዓት ደግሞ ዩቲሲ 23 ይሆናል፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፤ ምክንያቱም በእነሱ ቀን ቆጠራ ገና ትናንት ነው። ስልክሽ አዲሱን ቀን እያሳየ ክላውዱ ያለፈውን ቀን ይቆጥራል።

በራስሽ ቀን ላሳይሽ። የ2018 ገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28፣ በእነሱ ጃንዋሪ 6 ቀን 2026 ነው። ትእዛዝ የሚጎርፍበትን ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ለመጠየቅ መነሻው 1767679200፣ መድረሻው 1767700800 ነው። የባንኩን ሥራ ለማየት ለገና አጥቢያ ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ጠይቂ፦ ከ1767736800 እስከ 1767744000። ለእኛ ገና ገብቷል፤ ለዩቲሲ ግን ሁለቱም የጃንዋሪ 6 ሰዓታት ናቸው። በትእዛዝ መስመሩ ከሆነ ሰከንድ መቁጠር አያስፈልግሽም፤ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ መጨረሻው ላይ +03:00 ካደረግሽበት ይገባዋል። መነሻ ሰዓትሽን ወደ ቅርቡ ሙሉ ሰዓት ስለሚያጠጋጋው ከግማሽ ሰዓት አትነሺ።

በሌሊቱ ሰዓት ጠይቀሽም ባንኩ ካልታየ፣ ያ ሥራ በሌላ ስም ተመዝግቦ ይሆናል። የሌሊት ሥራዎች ብዙ ጊዜ ከዋናው ሰርቪስ ተለይተው የሚነሱ ፕሮግራሞች ናቸው። ሊስት ሰርቪስስን በዚያው የሌሊት ሰዓት አስኪጂና ቀን ያላየሽው ስም ብቅ ይል እንደሆነ ተመልከቺ።

የመጣውን መልስ ስታነቢ፣ በእያንዳንዱ መስመር የተጠራው አካል ዓይነት አለ። ሪሞት ሰርቪስ የሚለው ከአማዞን ውጭ ያለ ወይም በክትትሉ ውስጥ ያልገባ አካል ነው፤ የባንክና የሞባይል ክፍያ አድራሻዎችን እዚያ ፈልጊ። ከአማዞን የሆኑት በራሳቸው ዓይነት ይለያሉ። ከሥሩ ሜትሪክ ሬፈረንስስ የሚል አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ሌተንሲን (የምላሽ መዘግየትን)፣ ኤረርን እና ፎልትን ከየትኛው ሜትሪክ (የልኬት ቁጥር) እንደምታገኚ ከነዳይሜንሽኑ (ከነመለያው) ይሰጥሻል። ኤረር በ4 የሚጀምረው ኮድ ነው፣ ጥፋቱ በጥያቄው በኩል ነው፤ ፎልት በ5 የሚጀምረው ነው፣ የወደቀው ተጠሪው ነው። ሥራ አስኪያጅሽ የፈለጉት የስም ዝርዝር ቢመስልም፣ የሚጠቅማቸው በገና ዋዜማ የእያንዳንዱ ሌተንሲ ምን ያህል እንደናረ ነው። ሜትሪኮቹን ወስደሽ ጌት ሜትሪክ ዳታ በሚባለው የክላውድዋች ጥሪ ጠይቂና ከአንድ ተራ ቀን ጎን አስቀምጪላቸው። በዚህ ግን አትዘግዪ። ክላውድዋች የየደቂቃውን ቁጥር 15 ቀን፣ የአምስት ደቂቃውን 63 ቀን፣ የሰዓቱን 15 ወር ነው የሚያቆየው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ጥቂት ቀን ካሳደርሽ የዋዜማው የየደቂቃ ዝርዝር የለም፤ የሚቀርልሽ የአምስት አምስት ደቂቃው ጥቅል ነው፣ የጥቅሉ አማካይ ደግሞ የአንድ ሁለት ደቂቃ መጨናነቅን ሊውጠው ይችላል።

አቅጣጫውንም ገልብጪው። ሊስት ሰርቪስ ዲፔንደንትስ የሚባል መንትያ ጥሪ አለ፤ «ትእዛዝ»ን ማን ማን እንደጠራው ይነግርሻል። የተጓተተው ሰርቪስ ሁልጊዜ ከታቹ ባለው ምክንያት አይደለም የሚጓተተው፤ ከላይ አንዱ ያለ ልክ እየደጋገመ ጠርቶትም ሊሆን ይችላል። በበዓል ሰሞን እኔ መጀመሪያ የማየው ይህኛውን ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንሽ። በ2018 ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9፣ ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ 4 ነው። በእነዚያ 55 ቀናት የበግ ትእዛዝ ይቀዘቅዛል፣ ዝርዝርሽም አብሮ ይሳሳል። የበግ ማጓጓዣ ዋጋ የሚያሰላው፣ ለገዢው የክብደት ማረጋገጫ የሚልከው ሳምንታት ሙሉ ላይጠሩ ይችላሉ። ወጪ መቀነስ የሚፈልግ ሰው በዚያን ጊዜ ዝርዝሩን ያይና «ይሄ እኮ ማንም አይጠራውም፣ ይዘጋ» ይላል። ከዚያ የስቅለት ዕለት ነጋዴው ከመሐል ሜዳ መኪና ጭኖ ተነስቶ ሲስተሙ አይመልስለትም። በእኛ አገር ሥራው ከጾምና ከበዓል ጋር ነው የሚወጣውና የሚወርደው፤ ይህን ደግሞ ክላውዱ አያውቅም፣ አንቺ ነሽ የምታውቂው። ስለዚህ አንድ ዝርዝር አውጥተሽ አታቁሚ። ጥሪውን በየቀኑ ራሱ እንዲሄድ አድርጊ፣ የቀኑንም የሌሊቱንም፣ መልሱን ከነቀኑ አስቀምጪ፤ በስም እያዋሃድሽ «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው» የሚል ዓምድ ያዢ። ማንኛውም ሰርቪስ ቢያንስ አንድ ጾምና አንድ ፋሲካ ሳይታይበት እንዳይዘጋ ሥራ አስኪያጅሽን አሳምኚ። ለዚህ ሥራ የምትፈጥሪው አካውንት የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይበቃዋል።

እንዲህም አድርገሽ የማይታይ ይኖራል። አውቶማቲኩ ክትትል የሚያውቀው የተለመዱትን የኤችቲቲፒና የዳታቤዝ ላይብረሪዎች ነው። ለነጋዴው አጭር መልእክት የምትልኩት በራሳችሁ በጻፋችሁት ሶኬት ከሆነ፣ በኮዱ ላይ ስፓን (የአንድን ጥሪ መነሻና መድረሻ የሚመዘግብ ምልክት) ራሳችሁ ካልጨመራችሁበት በስተቀር በዝርዝሩ ላይ አይወጣም። እሱን ኮዱን የጻፈውን ሰው ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በሰርቪሶች መካከል ያለውን ግንኙነት በኤፒአይ ማውጣት መለማመድ ፈልጌ ነበር፤ ግን ክላውድ ለመክፈት የሚያስፈልገው የውጭ ምንዛሪ ካርድ የለኝም። ላፕቶፔ ላይ የሚሠራ ነገር አለ?
ዮ. ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ አለ ወንድሜ፤ ለመማርማ እንዲያውም ይሻላል፣ ውስጡን ታየዋለህ። ዬገር የሚባለውን የጥሪ መከታተያ ተጠቀም። ኡበር ውስጥ ተጀምሮ በ2017 ለሁሉም የተከፈተ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ሁሉን በአንድ የያዘ የዶከር ኢሜጅ (ከነሚያስፈልገው ነገር ታሽጎ የሚመጣ ፕሮግራም) አለው፤ አስነሳውና በብራውዘርህ ፖርት 16686 ላይ ክፈተው። አብሮት ሆትሮድ የሚባል መለማመጃ አፕሊኬሽን አለ፤ መኪና የሚያዝዝ ሲስተም ነው፣ ደንበኛ፣ ሹፌርና መንገድ የሚሉ ሰርቪሶች እርስ በርስ ይጠራራሉ። ጥቂት ትእዛዝ ስጥና ኤፒአይ ስላሽ ዲፔንደንሲስ የሚለውን አድራሻ ጥራ። ሁለት ነገር ይጠይቅሃል፦ የመጨረሻውን ሰዓትና ከዚያ ወደኋላ ምን ያህል እንደሚያይ። ሁለቱም በሚሊሰከንድ ናቸው፤ በሰከንድ ከጻፍክ ወደ 1970 ይወስድህና ባዶ ይመጣልሃል። መልሱ ጠሪውን፣ ተጠሪውንና ስንት ጊዜ እንደተጠራ ብቻ ነው።

ከዚያ ሆን ብለህ ምንም ትእዛዝ ያልሰጠህበትን ትንሽ ሰዓት መርጠህ ጠይቅ፤ ከላይ ለእህታችን የጻፍኩትን በዓይንህ ታየዋለህ። ካጠፋኸው ግን መረጃው በሜሞሪ ላይ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል። ኢሜጆቹን ዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ሳለህ አውርድ፣ ዶከር ሴቭ በሚለው ትእዛዝ ወደ ፋይል ቀይረህ በፍላሽ ያዝ። መሐል ሜዳ ስትገባ ዶከር ሎድ ብለህ ያለ ኢንተርኔት ትሠራለህ፤ ፍላሹንም ለጓደኞችህ አዙረው።