«ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ»

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ክትትል ክፍሉ ደጃፍ ተራ የሚጠብቁ እናቶች የማይጠይቁኝ ነገር የለም፤ አንዷ ጉዳይ ስትቀር። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ሲነሳ ሁሉም ጣራ ጣራውን ያያል። ስለዚህ «ስም ሳትጽፉ በብጣሽ ወረቀት ጠይቁኝ» አልኩ። ወረቀቱ ካሰብኩት በላይ በዛ።

«የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ምንም አያመኝም። የቂጥኝ ምርመራ ለምን ታዘዘብኝ? አፈርኩ።»

ማንም አልጠረጠረሽም እህቴ። ለክትትል ለመጣች ሁሉ የሚታዘዝ ነው። ቂጥኝ መጀመሪያ ላይ የሚያወጣው ቁስል አያምም። ማህፀን በር ላይ ከወጣ ደግሞ ማን ያየዋል? ቁስሉ በራሱ ጊዜ ይጠፋል፣ በሽታው ግን ደም ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ፅንሱን ይይዛል። ካልታከመ ውርጃ፣ ፅንሱ ሆድ ውስጥ መሞት ወይም ያለጊዜው መወለድ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቱ ያው የድሮው ፔኒሲሊን ነው። በቅርብ የያዘ ከሆነ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 2.4 ሚሊዮን ዩኒት አንድ ጊዜ ትወጊያለሽ። የቆየ ወይም መቼ እንደያዘ የማይታወቅ ከሆነ በየሳምንቱ አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት። መርፌው ያማል፣ አልዋሽሽም። ግን ከመውለድሽ ቢያንስ 30 ቀን ቀድመሽ መታከም አለብሽ። «ስወልድ ያዩልኛል» ብሎ መቆየት አያዋጣም።

«ያለጊዜው የሚባለው ስንት ወር ነው? እናቴ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም ትላለች።»

የኔም አያት ትለው ነበር። እውነት አይደለም። ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ሁሉ ያለጊዜው ተወለደ ይባላል። ሆድ ውስጥ የቆየባት እያንዳንዷ ሳምንት ለሳንባው ትጠቅመዋለች፤ ስምንት ወር ከሰባት ይሻላል። ስለዚህ በወር መገመቱን ተዉትና የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ጽፋችሁ ያዙ።

«በሽታው ከታች ነው፣ ልጁ ከላይ ነው። እንዴት አድርጎ ቀድሞ ያስወጣዋል?»

ይህቺን ጥያቄ ወደድኳት። ተዋህሲያኑ ከታች ወደ ማህፀን መውጣት ይችላሉ። ሰውነት ሊያባርራቸው ይቆጣል፤ ጦሱ ግን ለልጁ ይተርፋል። ቁጣው የሽርት ውሃውን የያዘውን ከረጢት ያሳሳዋል፣ ከረጢቱም ቀኑ ሳይደርስ ሊቀደድ ይችላል። ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገርም ይበዛል። እሱ ማህፀኑን ያኮማትራል፣ የማህፀን በሩን ያለሰልሳል። በደንበኛው ምጥ ጊዜ የሚሠራው ያው ራሱ ነው፤ አሁን ግን ቀድሞ መጣ። ዘበኛ ሌባ ሲያባርር የግቢውን በር ሰብሮት እንደመሄድ ቁጠሩት። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉት ክላሚዲያ፣ ጨብጥና ትሪኮሞናስ በዚህ ይጠረጠራሉ።

ግን አደራ! በሽታው የተገኘባት ሁሉ ቀድማ አትወልድም። ቀድማ የወለደች ሁሉም በሽታው አለባት ማለት አይደለም። መንታ፣ ደም ግፊት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም አለ፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ጭራሽ አይታወቅም። ጎረቤታችሁ ቀድማ ወለደች ብላችሁ በቡና ላይ አትሟት።

«ፈሳሼ ይሸታል። ብርድ ነው፣ በሎሚ ታጠቢ አሉኝ።»

ሎሚውን ለሰላጣ አስቀምጪው። ውስጥን መታጠብ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ያጠፋብሻል። በእርግዝና ጊዜ ነጣ ያለ ሽታ የሌለው ፈሳሽ መብዛቱ ጤና ነው። ከሸተተ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ካሳከከሽ ነይ። ፋርማሲ ሄደሽ በራስሽ አትግዢ። ዶክሲሳይክሊን ለሌላው ሰው ክላሚዲያን ያክማል፣ ለነፍሰ ጡር ግን አይሆንም። ላንቺ አዚትሮማይሲን አለልሽ።

«ባል ነኝ። ባለቤቴ ቂጥኝ አለባት ተባለ። እኔ ደህና ነኝ። ማን አመጣው?»

ወንድሜ፣ ውጤቱ ማን እንዳመጣው አይናገርም። ቂጥኝ ያለ ምልክት ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከመተዋወቃችሁ በፊትም ሊሆን ይችላል። «ደህና ነኝ» የሚለውን ምርመራው ይንገርህ። አንተ ሳትታከም እሷን ብናክማት መልሰህ ልትሰጣት ትችላለህ፣ ድካማችን ውኃ በላው ማለት ነው። እኛ እስክንነግራችሁ ድረስ አልጋ ለዩ። እውነቱን ልናገር? ከመርፌው ይልቅ እኔን የሚያስቸግረኝ የናንተ የወንዶቹ አለመምጣት ነው። ባሏን የምትፈራ ካለች ደግሞ መጀመሪያ ለብቻዋ ታናግረኝ።

«ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስስ?»

በዚያው ቀን አብረው ይታያሉ። ኤችአይቪ ከተገኘ መድኃኒቱን በየቀኑ መውሰድ ወደ ልጁ የመተላለፉን ዕድል በጣም ይቀንሰዋል። ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ልጁ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ክትባት ማግኘት አለበት።

«ስንት ብር ያስከፍላል?»

የእርግዝና ክትትል በመንግሥት ጤና ጣቢያ ነፃ ነው።

ልጨርስ ስል ከበሩ ሥር አንዲት ወረቀት ገብታ አገኘሁ። «30 ሳምንቴ ነው። ማታ ውሃ ነገር ፈሰሰኝ። ሽንት መስሎኝ ተኛሁ» ይላል።

እህቴ፣ ሽንት ላይሆን ይችላል። ደም ባይኖርም፣ ባያምሽም፣ አሁኑኑ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሂጂ። የሽርት ውሃ ከሆነ ኢንፌክሽን የሚከላከል መድኃኒትና የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ይሰጥሻል። ስም አትጻፉ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ማን እንደሆንሽ አላውቅም። ጽሑፍሽ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ነው፣ ወረቀቱም ከደብተር የተቀደደ። እዚሁ ግቢ ካለሽ ወረፋ አትያዢ፤ በሩን አንኳኪ።