ባዮሎጂን ጥዬ ሕክምና ልግባ?

ሰላም እህቴ። የሦስተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ነሽ። አያትሽን አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ወዲህ ይህን በሽታ የማጥናት ሐሳብ አልለቅ ብሎሻል። የጠየቅሽኝ፣ ዲፓርትመንቴን ጥዬ ሕክምና ልግባ ወይ፣ ውጭ ሳልወጣስ ይሆናል ወይ ብለሽ ነው።

ሕክምናውን እርሺው። ታካሚ ማየት ካማረሽ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለምርምሩ ግን የግድ አይደለም። በታማሚዎች አንጎል ውስጥ የሚከማቹትን አሚሎይድና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች ሲያጠኑ ከሚውሉት ብዙዎቹ ሐኪሞች አይደሉም፣ ባዮኬሚስት አለ፣ የጄኔቲክስ ሰው አለ፣ ከስታቲስቲክስና ከኮምፒውተር ሳይንስ የመጣም ሞልቷል። ስለዚህ አሁን በሽታ አትምረጪ፣ ሙያ ምረጪ። «አልዛይመርን ማጥናት እፈልጋለሁ» የሚል ማመልከቻ የትም አለ። «የጂን መረጃ መተንተን እችላለሁ፣ ይኸው የሠራሁት» የሚለው ነው የሚነበበው።

ትንተናን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። የላብራቶሪ ኬሚካል በዶላር ነው የሚገዛው፤ መረጃ የሚተነተንባቸው የኮምፒውተር ቋንቋዎች፣ ፓይተንና አር፣ ግን በነፃ ናቸው፣ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለሽ ዛሬ ትጀምሪያለሽ። ደግሞ ለእኛ የሚሆን ጥያቄ ሞልቷል። ኤፒኦኢ4 የሚባለው የጂን ዓይነት የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በአልዛይመር የመያዝ ዕድልን በጣም ይጨምራል፤ በናይጄሪያ ዮሩባዎች ላይ ሲጠና ግን ግንኙነቱ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ለምን? እስካሁን በደንብ አልተፈታም፣ ምክንያቱም የተሰበሰበው የጂን መረጃ በብዛት የአውሮፓውያን ነው። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እዚህ ላይ የሚናገረው ነገር ይኖረዋል።

ማስተርስ እዚሁ ሥሪ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ አለ። አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአብዛኛው የሚሠራው በተላላፊ በሽታዎች ላይ ነው፤ ግድ የለም፣ ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚያጠና የላብራቶሪ ዘዴ) የትም ያው ነው። ለፒኤችዲ ግን መውጣትሽ አይቀርም ብዬ አስባለሁ። አሜሪካ በሕይወት ሳይንስ ፒኤችዲ የሚማር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፍያው ይሸፈንለታል፣ የወር ገንዘብም ያገኛል። አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል፣ ከዚያ ደግሞ ፖስትዶክ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ የሚሠራ የጊዜያዊ ተመራማሪነት ሥራ።

አንድ ነገር ልንገርሽና አትከፊ። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ስለ መጀመሪያዋ ታማሚ ለባልደረቦቹ የተናገረው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተባለው መድኃኒት እንኳ ገና በጀመራቸው ሰዎች ላይ በሽታውን ያዘገያል እንጂ አያቆመውም። ለአያትሽ እደርሳለሁ ብለሽ ከሆነ የምትገቢው፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ ይሰለችሻል። ጥያቄው ራሱ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ ግን ግቢበት።

ለዓመት የመመረቂያ ጥናት አለሽ አይደል? የአሜሪካው የባዮሎጂ መረጃ ማዕከል ኤንሲቢአይ በነፃ ከለቀቃቸው የአንጎል የጂን መረጃዎች አንዱን አውርጂና ትንሽ ጥያቄ ይዘሽ አማካሪ መምህርሽ ቢሮ ሂጂ። ርዕስ እስኪሰጡሽ አትጠብቂ።