ዜጋ ስትሆኚ የልጁ ፋይል እንዳይቀር

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ጥያቄሽ «በግሪን ካርዴ ለባሌ አመልክቻለሁ፣ የ16 ዓመት ልጁም አብሮ አለ፤ አሁን የአሜሪካ ዜጋ ልሆን ነው፣ ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል?» ነው።

ለባልሽ ይጠቅማል። አሁን ያለው ኤፍ 2 ኤ በሚባለው፣ ግሪን ካርድ ላላቸው ሰዎች የትዳር ጓደኛና ልጆች በሆነው ምድብ ነው፤ ተራ ይጠብቃል። ዜጋ ስትሆኚ ግን ወደ ቅርብ ቤተሰብ ይዛወራል፤ እዚያ ኮታ የለም። እንደገና ማመልከት አያስፈልግም። ፋይሉ ከኤምባሲ ቀጠሮ በፊት ሰነድ የሚሰበስበው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ናሽናል ቪዛ ሴንተር ከደረሰ የዜግነት ሰርተፍኬትሽን ኮፒ ላኪላቸው።

ልጁ ላይ ግን አደራሽን ተጠንቀቂ። አሁን ያለው በአባቱ ፋይል ላይ ተደርቦ ነው። በዜጋ የቅርብ ቤተሰብ ፋይል ላይ ደግሞ ልጅ አይደረብም። አንቺ ዜጋ ስትሆኚ ልጁ ከፋይሉ ይወጣል። ይህን አዲስ አበባ ኤምባሲ ቀጠሮ ሲደርስ የሚሰሙ አሉ፤ አባት ቪዛ አግኝቶ ልጅ ሲቀር በጣም ያሳዝናል። ስለዚህ ለልጁ የራሱን አይ-130 (የቤተሰብ ማመልከቻ ቅጽ) አሁኑኑ አስገቢ። ቃለ መሐላ እስክትፈጽሚ አትጠብቂ። የእንጀራ ልጅ መሆኑ አያግድም፤ የተጋባችሁት 18 ዓመት ሳይሞላው ነውና።

ስፖንሰርነቱን በተመለከተ፣ አይ-864 በሚባለው የስፖንሰር ቅጽ ላይ ገቢሽ ከድህነት መስመሩ ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት። ካልሞላ ሌላ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው አብሮሽ መፈረም ይችላል። ግን የሚፈርመውን በደንብ ይወቅ። እናንተ ብትፋቱ እንኳ የእሱ ግዴታ አይነሳለትም።