«ዋናው ማለፍ ነው» ለሚሉሽ ዘመዶችሽ

እህቴ፣ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለስፔሻሊቲ ሥልጠና (ሬዚደንሲ) ለማመልከት ከሚያስፈልጉት ፈተናዎች አንዱ ለሆነው ለስቴፕ 2 ሲኬ ልትቀመጪ ሦስት ሳምንት ቀርቶሻል። ፈተናውን ከሚያዘጋጁት አንዱ የሆነው ኤንቢኤምኢ የሚያወጣቸው የመጨረሻዎቹ ሦስት የሙከራ ፈተናዎችሽ ውጤቶች 219፣ 224 እና 221 ናቸው። ክፍያውን የሸፈኑልሽ አሜሪካ ያሉት አጎትሽ «ዋናው ማለፍ ነው፤ ዘንድሮ ካላመለከትሽ ጊዜው ያልፍብሻል» ብለውሻል፤ አባትሽም በዚሁ ተስማምተዋል። አንቺ ደግሞ «ልፈተን ወይስ ላራዝመው?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። አራዝሚው። በዘመድ ጥድፊያ ተፈትነው በአንድ ቁጥር ምክንያት በር የተዘጋባቸው ጎበዝ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ስለሚገጥሙኝ፣ መልሴ ቢረዝምና ቢከርር አይግረምሽ።

አጎትሽ የሚያውቁት የቀድሞውን አሠራር ይመስለኛል። የመጀመሪያው ፈተና ስቴፕ 1 በነጥብ ይገለጽ በነበረበት ጊዜ አመልካቹ ሁለት ቁጥሮች ነበሩት፤ አንዱ ዝቅ ቢል ሌላው ሊያነሳው ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 መጨረሻ ወዲህ ግን ስቴፕ 1 የሚነገረው «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ተብሎ ብቻ ነው። በመጀመሪያ ሙከራሽ ማለፍሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ከሌሎች አላፊዎች አይለይሽም። አመልካችን ከአመልካች በቁጥር የሚለየው ክብደት በሙሉ ስቴፕ 2 ሲኬ ላይ ወድቋል። በተለይ ትምህርት ቤቷ በማይታወቅላት የውጭ ምሩቅ ላይ ይከብዳል፤ የአንድ የሥልጠና ፕሮግራም ዳይሬክተር ስለ አስተማሪዎችሽና ስለ ሆስፒታልሽ ምንም ላያውቁ ይችላሉ፣ 221 ምን እንደሆነ ግን ያውቃሉ።

የማመልከቻው ሥርዓት የሆነው ኢራስ ፕሮግራሞች አመልካቾችን በነጥብ፣ በሙከራ ብዛት፣ በምረቃ ዓመትና በቪዛ ሁኔታ እንዲያጣሩ ያስችላቸዋል። በሺዎች የሚቆጠር ማመልከቻ የሚደርሰው ፕሮግራም ሁሉንም አንብቦ አይጨርስም። ከመስመሩ በታች ከሆንሽ የድጋፍ ደብዳቤሽን የሚያነብ፣ በሌሊት ተረኝነት ብቻሽን ስንት ድንገተኛ ታካሚ እንዳዳንሽ የሚጠይቅ አይኖርም። ፋይልሽ ሳይከፈት ይቀራል።

ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ያለፉትን ፈተና ነጥብ ለማሻሻል ብሎ ደግሞ መፈተን አለመቻሉ ነው። 222 ብታመጪ 222 ሆኖ ይቀራል፤ ዘንድሮም፣ በሚቀጥለው ዓመትም፣ ከዚያ በኋላም። ደግሞስ ማለፉ መች ተረጋገጠ? እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ የማለፊያው ነጥብ ከ214 ወደ 218 ከፍ ብሏል። የሙከራ ፈተና ግምት ነው፤ ትክክለኛው ውጤት ከእሱ ጥቂት ነጥቦች ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። በ221 ላይ ያለች ሐኪም የቆመችው ከመውደቂያው አፋፍ ላይ ነው። ብትወድቂ ሙከራው በውጤት መግለጫሽ ላይ ሰፍሮ ይኖራል። ደንቡ እስከ አራት ጊዜ መፈተን ቢፈቅድም፣ አንድ ጊዜ የወደቀን አመልካች ጨርሶ የማያዩ ፕሮግራሞች ብዙ ናቸው።

አጎትሽ አንድ እውነት አላቸው፣ እሱን አልክድም። ከተመረቁ የቆዩ ሐኪሞችን የማይቀበሉ ፕሮግራሞች አሉ። አንዳንዶቹ አምስት ዓመት፣ ጥቂቶቹ ደግሞ ሦስት ዓመት ብለው ይገድባሉ። አንቺ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመትሽ ነው፤ አንድ ዓመት ስትጨምሪ የተወሰኑ በሮች ይዘጋሉ። ሆኖም ያንን ዓመት እንደ ጠቅላላ ሐኪም ታካሚ እያየሽ የምታሳልፊው ስለሆነ በማመልከቻሽ ላይ ባዶ ጊዜ አይሆንም። አሁን ደግሞ ሌላውን መንገድ አስቢው። ዘንድሮ በዝቅተኛ ነጥብ ታመለክቻለሽ፣ ነጥቡ ዝቅ ስላለ ብዙ ፕሮግራሞች ላይ መበተን ግድ ይሆንብሻል፣ ማመልከቻው በበዛ ቁጥር ዶላሩ ይከመራል። በቅርብ ዓመታት የአሜሪካ ዜግነት ከሌላቸው የውጭ ምሩቃን መካከል በማች፣ ማለትም አመልካቾችን ለፕሮግራሞች በሚደለድለው ሥርዓት፣ ቦታ ያገኙት ከ100ው 60 አይሞሉም፤ ቁጥሩ ደግሞ ከፍተኛ ነጥብ ያላቸውንም ይጨምራል። ቦታ ሳታገኚ ከቀረሽ በሚቀጥለው መስከረም የምትመለሺው በዚያው ነጥብ ነው፣ አንድ ዓመትም ተጨምሮብሽ። አጎትሽ ሊያድኑት የፈለጉት ዓመት እንዲሁም ይጠፋል።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ ልናገር። አጎትሽ ስለረዱሽ ምስጋና ይገባቸዋል፤ የፈተናሽን ቀን የመቁረጥ መብት ግን አልገዙም። አባትሽም ቢሆኑ «ወንድሜን አሳፈርሽኝ» ማለታቸው አይቀርም፣ ያንን ችለሽ መስማት አለብሽ። የፈተናውን ቀን ለመለወጥ የሚጠየቀው ክፍያ ቀኑ እየቀረበ በሄደ ቁጥር ስለሚጨምር እያመነቱ መቆየት ራሱ ያስከፍላል። የተፈቀደልሽ የሦስት ወር የፈተና ጊዜም ቢሆን በክፍያ አንድ ጊዜ ሊራዘም ይችላል። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ከንቱ የማመልከቻ ወቅት ከሚበላው ገንዘብ ጋር አይወዳደርም። ሁለቱን ስሌቶች በወረቀት ላይ ጻፊና ለአባትሽ አሳያቸው፤ ስለ ፈተናው ባያውቁም ሒሳቡን ያውቁታል።

በምታገኚው ጊዜ አዲስ መጽሐፍ አትጀምሪ። የሳትሻቸውን ጥያቄዎች ለምን እንደሳትሻቸው አንድ በአንድ መርምሪ፤ ብዙ ሰው ወደ ጎን የሚተዋቸውን ስታቲስቲክስንና የሕክምና ሥነ ምግባርን አጥብቀሽ ያዢ። ሁለት ተከታታይ የሙከራ ፈተናዎችሽ ከ240 በላይ ሲሆኑ ተፈተኚ፤ ይህ የእኔ መለኪያ ነው። «የወጡ ጥያቄዎች» እየተባሉ በቴሌግራም የሚሸጡትን ፈጽሞ አትንኪ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ የፈተናው ባለቤቶች ከኔፓል ጋር የተያያዙ በርካታ ተፈታኞችን ውጤት ሰርዘዋል።

ቀዶ ሕክምና እወዳለሁ ብለሻል። ለውጭ ምሩቅ በቀዶ ሕክምና ዘርፍ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ቀጣይነት የሌለው የአንድ ዓመት ቦታ ነው፤ የውስጥ ደዌ ሕክምና ግን በማች ከሁሉም የበለጠ ቦታ አለው፣ ከዚያም ወደ ልብ ወይም ወደ ጨጓራና አንጀት ሕክምና ያሻግራል። እኔ ራሴ የሠለጠንኩት በአንድ መካከለኛ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ፕሮግራም ውስጥ ነው፣ እንዲህ ያለውን ቦታ አትናቂ። ገንዘብ ከፍለሽ በማታውቂው ጥናት ላይ ስምሽን ማስገባቱን ተዪው፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ጥናቱ ሲጠይቁሽ ትጋለጫለሽ። ለሥልጠና የሚሰጠውን ጄ1 ቪዛ በተመለከተ ከአገርሽ ጤና ሚኒስቴር ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ከሥልጠና በኋላም የሁለት ዓመት የመመለስ ግዴታ አለው፤ አሁን ግን የሚያሳስብሽ እሱ አይደለም።

ነገ ጠዋት መጀመሪያ ቀኑን ለውጪ። አጎትሽ ጋር ከዚያ በኋላ ደውዪ፣ ሦስቱን የሙከራ ውጤቶችሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው።