ሙጫ ያወጣው ፓይን፦ ከመርጨትህ በፊት ቅርፊቱን ፈልቅቀህ እይ

ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ዴንቨር አቅራቢያ ተራራው ላይ ባለችው ኤቨርግሪን የገዛኸው ቤት ደጃፍ ያለው ትልቁ ፖንደሮሳ (የፓይን ዓይነት ነው) ግንዱ ላይ ፈንዲሻ የመሰለ ሙጫ አውጥቷል፣ ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው፣ መድኃኒት ልርጭ ወይስ ላስቆርጠው ነው ያልከኝ። እኔ እንኳ ዛፍ ቆርጬ ነው የምበላው ግን ቶሎ ቁረጠው አልልህም።

ቢላ ይዘህ ሙጫው ያለበትን ቅርፊት ትንሽ ፈልቅቅ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሄደ፣ ታች ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ በሰጋቱራ የተጠቀጠቀ ቦይ ካየህ ማውንቴን ፓይን ቢትል ነው፣ 5 ሚሊሜትር የምታክል ጥቁር ጥንዚዛ። እንጨቱ ሰማያዊ ሆኖ ከሆነማ አለቀ፣ አብሯት የሚገባው ፈንገስ የውሃውን መንገድ ዘግቶታል፣ ዛፉ ሞቷል ቅጠሉ ገና አልሰማም እንጂ፣ በሚቀጥለው ሰመር ቀይ ይሆናል። ያኔ መርጨት ብር መድፋት ነው። ሙጫው ነጣ ያለ ከሆነ፣ ጥንዚዛዋም እዚያው ተጣብቃ ከቀረችና ውስጡ ንጹህ ከሆነ ዛፉ አሸንፏል ተወው።

ክረምቱ ይገድለዋል ያለህን ሰው አትስማ። እጮቹ በጥር ብርድ ሰውነታቸው በረዶ አይሆንም ማለት ይቻላል፣ ለመሞት 40 ከዜሮ በታች አካባቢ ለቀናት መቆየት አለበት (እዚያ ጋ ሲደርስ ሴልሺየሱም ፋራናይቱም አንድ ነው)፣ የዴንቨር ዙሪያ ብርድ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ጥንዚዛዋ ደግሞ መጤ አይደለችም፣ ከሜክሲኮ ሰሜን እስከ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አገሯ ነው፣ ከ1996 እስከ 2013 ኮሎራዶ ላይ ብቻ ወደ 3.4 ሚሊዮን ኤከር ደን ነክታለች፣ አብዛኛው ከፍ ብሎ ያለው የሎጅፖል (ሌላ የፓይን ዓይነት) ደን ነው። አንተ ጋ ዝቅ ያለው ፖንደሮሳ ነው ያለው፣ እሱም ይጥማታል። ፓይን ያልሆኑትን ስፕሩስህንና ጁኒፐሩን ግን ይህቺኛዋ አትፈልጋቸውም።

የተበላውን ጁን ሳያልቅ አስቆርጠህ ከግቢ አውጣ ወይ ቅርፊቱን ልጥ፣ ምክንያቱም ጁላይና ኦገስት ላይ ወጥተው ወደ ጎረቤት ዛፍ ይበራሉ። ማገዶውን በህይወት ካለ ፓይን ስር እንዳትከምር፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው። ቀሪዎቹን ጤነኛ ትልልቅ ፓይኖች ሜይ ወይ ጁን ላይ ፈቃድ ያለው ሰው ግንዳቸውን በፐርሜትሪን ወይ ካርባሪል (የተባይ መድኃኒቶች ናቸው) ይርጭልህ፣ ተጠጋግተው የበቀሉትን አሳሳ፣ ድርቅ ሲሆን ውሃ አጠጣ።

ሰማያዊውን እንጨት ደግሞ አትጣለው፣ ጥንካሬው ያው ነው፣ ቅርፊቱ ከተላጠ በኋላ ለግድግዳ ብለው የሚገዙ አሉ።